ምንዎ ናት?

አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ሰፈር፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለእማማ ሰናይት፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የድሬዳዋ ሙቀት እንደተባለው ተስማማዎት ወይስ ሕመሙ ወደ ወገብዎ ዞረ? አምለሰትን ከነልጆቿ ሰላም ይበሉልኝ። እኔና ሩሃማ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከሄዱ ሁለት ወር ሙሉ ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልክ ስደውል አምለሰት "እማዬ በስልክ አይሰማትም፣ ትጮሂያለሽ እንጂ ምንም አይገባት፤ ብትጽፊላት ይሻላል" አለችኝ። እኔ ደግሞ እስክሪብቶ ከጨበጥኩ ስንት ጊዜዬ ነው። ፊደል ብስት አይቆጡኝ። ይህንን የሚያደርስልዎት ፍሮምሳ ይባላል፤ ከድሬ ብርቱካን እየጫነ መገናኛ የሚያራግፍ ሾፌር ነው። መልስ ካለዎት ለእሱ ይስጡት።

በአምለሰት በኩል የጠየቁኝን ልመልስ። የኮኩ ዛፍ ደህና ነው። ድመቷ ጎረቤት ሄዳ እዚያው ቀርታለች። ትልቁን ቤት ይድነቃቸው ቆልፎታል፣ በሳምንት አንዴ እየመጣ ያየዋል። "ኪራይሽን ለማን ነው የምትከፍይው?" ላሉኝ፣ ለእሱ ነው። የወንድምዎ ልጅ ስለሆነ እንደ እርስዎ ነው የማየው።

አንድ ነገር ሳልነግርዎት ልቀር ፈልጌ ነበር፤ ግን ወረቀቱ ገና አላለቀም። ይድነቃቸው ከታኅሣሥ ጀምሮ የክፍሌ ኪራይ አራት ሺህ አምስት መቶ ነው ብሎኛል። እርስዎ እያሉ ሁለት ሺህ ነበር። እንጦጦ ፓርክ፣ ካፌው ውስጥ ዕቃ አጥቤ በወር የማገኘው አራት ሺህ ስምንት መቶ መሆኑን ያውቃሉ። ልከስሰው ብዬ አይደለም፣ ሰፈሩ ሁሉ ጨምሯል። ልጄ ሩሃማ ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ትወስዳለች፤ ትምህርት ቤቷ ደግሞ ከበራችን አሥር ደቂቃ ነው። እስከዚያ ድረስ ብቻ ከዚህች ክፍል ባንነሳ ሌላ ምንም አልለምንም።

ልጅዎ ዶርቃ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዶርቃ፤

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር። ሠናይት የሚጻፈው በንጉሡ ሠ ነው፣ በእሳቱ ሰ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ኮተቤ አማርኛ አስተምሬ፣ ስድስት ዓመት ከግቢዬ የኖረች ሰው ስሜን ስትስት ዝም ማለት አልችልም። አሁን እንዴት ነሽ? ሩሃማዬስ? በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ከደረሰኝ ስንት ዘመኔ መሰለሽ፤ ሦስቴ ነው ያነበብኩት።

ሙቀቱ ለጉልበቴ ተስማምቷል፣ ለቀረው ሰውነቴ አልተስማማም። እዚህ አገር ሰው ከምሳ በኋላ ይተኛል። እኔ ቀን መተኛት ስለማይሆንልኝ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ግድግዳ አያለሁ። የእንጦጦን ብርድ እንደዚያ ስረግመው ኖሬ አሁን እሱን እሱን ያሰኘኛል።

ልትጠይቂኝ ፈልገሽ ያፈርሽውን ልመልስልሽ። አዎ፣ ጭማሪውን አውቄ ነበር። ይድነቃቸው "ስንት ላድርገው?" ሲለኝ "አንተ ታውቃለህ" አልኩት። የጉልበቴ መርፌ የሚገዛው ከቤቱ ኪራይ ነው፣ ጡረታዬ አይችለውም። ሳትታወሺኝ ቀርተሽ ቢሆን ጥሩ ነበር። ትዝ እያልሽኝ ነው "አንተ ታውቃለህ" ያልኩት። ይህንን ስጽፍልሽ አፍራለሁ።

እስቲ ዕርዳታ ፈልጊ። መጠየቅ ነውር የለውም። እናንተ ጴንጤዎች ኪራይ ያቃተውን ሰው ትደግፋላችሁ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ጆሮዬ ይሰማ በነበረ ጊዜ። እሁድ እሁድ ከአጥሩ ማዶ ስትዘምሩ፣ ጆሮዬ በራሱ ጊዜ ባይደክም ኖሮ እናንተው ታደክሙት ነበር፤ አሁን ደግሞ ካሱኝ። ወረዳም ሂጂ። ያሉሽን ጻፊልኝ።

እናትሽ ሠናይት


ፈረንሳይ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ ሠናይት (በንጉሡ!)፤

እንደምን ሰነበቱ? ልደትን እንዴት ዋሉ? ሩሃማ ስምዎን ደብተሯ ላይ አሥር ጊዜ አስጽፋኛለች፤ አስተማሪነት በሽታ ሆኖ ከእርስዎ ተጋብቶባታል።

"ሄድሽ ወይስ ፈራሽ?" ብለው በፍሮምሳ በኩል ላስጠየቁኝ፣ ፈራሁ፣ ግን ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያናችንን የበጎ አድራጎት ክፍል የያዘው ወንድም ባሮክ ነው። ስገባ ያሰብኩትን ያህል አላሳፈረኝም። ገቢዋ ዝቅተኛ ለሆነ ተከራይ የኪራዩን ግማሽ ለስድስት ወር ይከፍላሉ። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ የኪራይ ውል፣ ከወረዳ ደግሞ ተከራይ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ። ውል እንደሌለን ነገርኩት። "እንግዲያው የወረዳው ደብዳቤ ይበቃል" አለኝ። እየዘመርኩ ነው የወጣሁት።

ወረዳ ያገኘኋት ልጅ ሰልማ ትባላለች፣ ትሑት ናት። ስሜን ፈልጋ አገኘች። መዝገቡ እንዲህ ይላል አለችኝ፦ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሠናይት፤ ተከራይ የለም፤ ዶርቃ ላምቤቦ፣ ልጅ። "እናትሽ ቤት እየኖርሽ የምን ኪራይ ነው የሚከፈልልሽ?" አለች። ልትሰድበኝ አይደለም፣ ግራ ገብቷት ነው። እኔም ግራ ገባኝ። ከዚያ ትዝ አለኝ።

እርስዎም ያስታውሳሉ። ባለፈው ሰኔ ተከራይ የሚመዘግቡ ልጆች መጥተው፣ ኮኩ ሥር ተቀምጠን ምስር ስንለቅም አገኙን። እርስዎ "ልጄ ናት" አሉ፣ መዝጋቢዋ ጻፈች፣ እኔም ፈረምኩ። ሰልማ እንደምትለው፣ ያኔ ተከራይ ተብዬ ብመዘገብ ኖሮ ይድነቃቸው በአንድ ጊዜ እንዲህ ሊጨምርብኝ አይችልም ነበር። በእናትና በልጅ መካከል ግን ወረዳ አይገባም።

መዝገቡ የሚስተካከለው ባለቤቷ እርስዎ በጽሑፍ ሲያርሙት ነው። ስድስት ዓመት ተከራይዎ እንደነበርኩ፣ ዝምድና እንደሌለን ጽፈው፣ ያሉበት ቀበሌ ማኅተም ቢያሳርፍበት ይበቃል ብለውኛል። የቤተ ክርስቲያኑ ምዝገባ የሚዘጋው የካቲት 30 ነው። የዚህን ወር ኪራይ ከካፌው ተበድሬ ከፍያለሁ። የካቲትን እንዴት እንደማደርግ አላውቅም። አደራዎን።

ልጅዎ ዶርቃ


ድሬዳዋ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዶርቃ፤

እንዴት ከረማችሁ? እኛ ደህና ነን። አቧራው በዝቷል። ትንሿ የልጅ ልጄ ጥርስ አውጥታ ሁሉን ትነክሳለች። አምለሰት ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ተሽሏታል። በፍሮምሳ እጅ ግማሽ ኩንታል የሚሆን ብርቱካን ልኬልሻለሁ፣ ለሩሃማ ጨምቂላት፣ ለሚያጠና ሰው ጥሩ ነው። ከላይ ያሉት በስለዋል፣ ከነሱ ጀምሩ። ለጎረቤትም አካፍሉ።

ዙሪያ ጥምጥም እየሄድኩብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ተማሪዎቼ መልሱ ሲጠፋባቸው እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፣ ወረቀቱን በሌላ ነገር ይሞሉት ነበር።

ስለ ወረቀቱ ለይድነቃቸው በአምለሰት ስልክ አስነገርኩት። ተቆጣ። "ተከራይ ነበረች ብለሽ ከፈረምሽ የስድስት ዓመት የኪራይ ግብር ከነቅጣቱ ይመጣብሻል፣ ምዝገባ ላይ ዋሽተሻል ተብሎም ትጠየቂያለሽ" አለ። ያን ቀን ግብር የሚባል ነገር በሐሳቤ አልነበረም ብዬ ብምል ሳቀብኝ። ምን እንደሆንሽ ተጠየቅኩ፣ ምን እንደሆንሽ መለስኩ፤ እኔ የማውቀው ይህንን ነው። ወይስ ሳይታወቀኝ ለገንዘቡ ብዬ ይሆን? አርጅቼ ራሴንም ማመን ትቻለሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው ጨንቆኛል።

ደግሞስ ዶርቃ፣ ሳንባ ምች ታምሜ አሥራ ሁለት ቀን ያስታመመችኝን ሰው "ምኔም አይደለችም" ብዬ እንዴት ነው የምፈርመው? እስቲ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።

እናትሽ ሠናይት


ፈረንሳይ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ሠናይት፤

ብርቱካኑ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን። ስለ አምለሰት መዳን ደስ ብሎናል።

ጊዜ ስጪኝ ብለውኛል። ስድስት ቀን ቀርቷል። የየካቲትን ኪራይ አልከፈልኩም። ትናንት ይድነቃቸው ክፍሉን የሚያዩ ባልና ሚስት ይዞ መጣ። ሩሃማ አልጋው ላይ ደብተሯን ዘርግታ ነበር። ሴትየዋ ግድግዳውን በጣቷ እየነካች እርጥበት እንዳለው ጠየቀችኝ። እንደሌለው ነገርኳት።

ተከራይዎ ዶርቃ


ድሬዳዋ፣ መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶርቃ፤

ወረቀቱን በዚህ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ፖስታው ቢጠፋ እንኳ ምን እንዳልኩ እንድታውቂ ቃሉን እዚህም ገልብጬዋለሁ፦

"እኔ ወይዘሮ ሠናይት ወልደሰንበት፣ በየካ ክፍለ ከተማ ከሚገኘው ግቢዬ በአንዲት ክፍል ውስጥ ወይዘሮ ዶርቃ ላምቤቦ ለስድስት ዓመት በኪራይ መኖሯን አረጋግጣለሁ። ቀደም ሲል ልጄ ናት ብዬ ያስመዘገብኩት ትክክል አይደለም። ወይዘሮ ዶርቃ ልጄ አይደለችም። የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዝምድና የለንም።"

ቀኑ እንዳለፈ አውቃለሁ። "ተከራይዎ" የሚለውን ያነበብኩት በየካቲት 26 ነው፣ መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አየሁት። በዚያው ዕለት መጻፍ ጀመርኩ። አራት ወረቀት አበላሸሁ፤ "ዶርቃ ላምቤቦ" ብዬ ጽፌ ቀጥሎ እጄ የለመደውን ይጽፋል። ከዚያ ቀበሌው የነዋሪነት መታወቂያ የለሽም ብሎ አመላለሰኝ። ይህ ሁሉ ግን ሰበብ ነው። ጥር ላይ ስትለምኚኝ ብጽፈው ኖሮ ለሁሉም ጊዜ ይበቃ ነበር። ቅጣቱም ከመጣ ከጡረታዬና ከኪራዩ በየወሩ ይቁረጡት፤ መርፌው ይቅር። ለይድነቃቸውም ይህንኑ ነግሬዋለሁ።

ለባሮክ አሳዪው። ምናልባት ሰው ነውና ይራራ ይሆናል።

አከራይሽ የነበርኩ፣ ሠናይት


የካ አባዶ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ ሠናይት፤

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። ፍሮምሳ ፈረንሳይ ሄዶ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አገኘ፤ ስልኬም ተዘግቶ ስለነበር በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ጠይቆ አገኘኝ። እኛ መጋቢት 1 ለቀናል። አሁን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አብራኝ ዕቃ ከምታጥበው ከአያንቱ ጋር አንድ ቤት ተጋርተናል። አራተኛ ፎቅ ነው። ለዓመት መጨረሻ ሦስት ወር ሲቀር ትምህርት ቤት መቀየር ስለማይቻል ሩሃማ ከዚህ እስከ ፈረንሳይ ትመላለሳለች። አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ ነው የምትወጣው። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ታጠናለች።

ወንድም ባሮክ ራርቶ ነበር፤ ዝርዝሩ ግን በኮሚቴ ጸድቆ አልቋል። ቀጣዩ ምዝገባ ሰኔ ውስጥ ይከፈታል።

አሁን ደግሞ ከጥር ጀምሮ የደበቅኩዎትን ልንገርዎት። አከራይሽ የነበርኩ ብለው የፈረሙትን ሳይ መደበቁ አቃተኝ።

ያን ቀን ኮኩ ሥር መዝጋቢዋ "ምንዎ ናት?" አላለችም። "ይቺ ተከራይዎ ናት?" ነው ያለችው። እርስዎ አልሰሙም። ወደ እኔ ዞረው "ምን አለች?" አሉኝ። እኔ ጆሮዎ ሥር ጎንበስ ብዬ "ምንዎ ናት ትላለች!" ብዬ ጮህኩ። እርስዎም እጅዎን ከምስሩ ሳያነሱ "ልጄ ናት" አሉ።

እንደዚያ እንደሚሉ አውቅ ነበር። ለዚህ ነው ጥያቄውን የቀየርኩት። ውል ከገባን ግብር ይመጣል፣ ግብር ከመጣ ኪራዬ ይጨምራል ብዬ ፈራሁ። ፍቅርዎን እያወቅኩ ኪራዬን በሁለት ሺህ ለማቆየት ነገድኩበት። ከዚያ እርስዎ ዋሽቼ ይሆን እያሉ ሲጨነቁ፣ ንስሐ ሲያስቡ፣ እኔ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ብሎም ተቀየምኩዎት። ይድነቃቸውም ይወቀው፣ እርስዎ አልዋሹም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ዋጋውን ግን ሩሃማ ናት አውቶቡስ ውስጥ የምትከፍለው።

ሌላም አለ። አዲሱ አከራያችን አቶ ጀይላን ነጋዴ ነው፣ ያለ ውል ቁልፍ አይሰጥም። ውሉ ላይ "በችግር ጊዜ የሚጠራ ሰው" የሚል ቦታ ነበር፤ በአጠገቡም "ዝምድና"። ወረቀትዎ ገና አልደረሰኝም ነበር፣ ልቤም በእርስዎ ላይ እንደተቀየመ ነው። ግን ብጠራው የሚመጣ ሌላ ሰው አላገኘሁም። ስምዎን ጻፍኩ። ከጎኑም "እናት" ብዬ ጻፍኩ። ውሉ ወረዳ ገብቶ ተመዝግቧል።

ወንድም ባሮክ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ አየኝ። "ይሄኛው ዝምድና የለንም ይላል፣ ያኛው እናት ይላል። ኮሚቴው የቱን ይመን?" አለኝ። የፈረንሳዩ ወረዳ መዝገብ ገና እናቴ ቤት እንደምኖር ስለሚል፣ ያለ እርስዎ ወረቀት አዲሱ ውል ብቻውን አይበቃም፤ በሰኔ ከማመልከቴ በፊት አንዱን መተው አለብኝ።

ዶርቃ


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶርቃ፤

ሁለት ሳምንት ተቀየምኩሽ። ጭራሽ ላልመልስልሽ ነበር። ሰው ደንቆሮ ሲሆን የሚቀረው አጠገቡ ያለውን ሰው ማመን ነው፣ አንቺ ደግሞ እዚያው ላይ ነው ያገኘሽኝ። ይህንን ሳልነግርሽ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ከዚያ እንደገና አነበብኩት። ቁጣዬ ሲበርድ መጀመሪያ የመጣልኝ ደስታ ነው፣ አልዋሸሁማ! አምለሰትን ጠርቼ ለይድነቃቸው አስደወልኩና እኔው ስልኩ ላይ ጮህኩበት። ምን እንደመለሰ አልሰማሁም፣ መስማትም አልፈለግኩም።

ጥያቄውን አንቺ ቀየርሽው። መልሱ ግን የእኔ ነው፣ እሱን ማንም በጆሮዬ አልነገረኝም።

ወደ ክፍልሽ ተመለሺ ልልሽ አልችልም፣ ባልና ሚስቱ የዓመት ውል ገብተዋል። ያንን አንድ ነገር ማድረግ በምችልበት ጊዜ ብርቱካን ነው የላክሁልሽ። አሁን የቀረኝ ይቺ ብቻ ናት፦ ውሉ ላይ ያለውን ሰርዢው። ሩሃማ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ እያጠናች እኔ በወረቀት እናት መባል አያምረኝም። ሰልማም ባሮክም አንድ ዓይነት ነገር ይያዙ። ሳታመነቺ ሰርዢው፣ ይህ ትእዛዝ ነው።

ሠናይት


የካ አባዶ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ ሠናይት፤

ክረምቱ እዚህ ገብቷል፣ ከአራተኛ ፎቅ እንጦጦ በጉም ተሸፍኖ አይታይም። ጉልበትዎ ያለ መርፌው እንዴት ሆነ? አምለሰት ስልክ ላይ "ደህና ናት" ብቻ ነው የምትለኝ፣ እርስዎ እውነቱን ይጻፉልኝ።

ስለ ሩሃማ ለጠየቁኝ፣ ፈተናዋን ወስዳለች። የመጀመሪያውን ቀን መንገድ ተዘግቶ ሃያ ደቂቃ አርፍዳ ነው የገባችው። አስገቧት፣ ግን የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ሳትደርስባቸው ወረቀቱ ተሰበሰበ። ዕቃዋን አስቀምጣ እጄን አስታጥባ እራት አቀረበችልኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከፈረንሳዩ ክፍል ቢሆን በእግሯ አሥር ደቂቃ ነበር እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

ዕርዳታው ተፈቅዶልኛል። ከዚህ ወር ጀምሮ የኪራዩ ግማሽ ለስድስት ወር። ወንድም ባሮክ ስሜን ሲጠራ ሰዎች አጨበጨቡልኝ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ሰርዢው ብለውኝ ነበር። መሰረዝ አይቻልም አሉኝ። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ውል ወረዳ አይቀበልም፣ እንደ አዲስ መጻፍ ነበረበት። አቶ ጀይላን እያጉረመረመ ሌላ ቅጽ አወጣ። የእርስዎን ስም እንደነበረው ገልብጦ "ዝምድና" የሚለው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ "ምንሽ ናቸው ልበል?" አለኝ። አያንቱ ናት ቆማ ስታየኝ ቆይታ "የለም ብለህ ጻፍ" ያለችልኝ። "የለም" ብሎ ጻፈ። ፈረምኩ።

አሮጌውን ውል ዋጋ የለውም ብለው መለሱልኝ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አጥፌ ልኬልዎታለሁ። እኔ ዘንድ ቢገኝ ሌላ ጣጣ ያመጣል፣ መጣል ደግሞ አልቻልኩም። ለማንም አያሳዩት፣ ይድነቃቸውም አይየው። መጨረሻው መስመር ላይ ስምዎ አለ፤ በንጉሡ ሠ ነው የጻፍኩት። ከጎኑ ያለውን መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት።

ልጅዎ ዶርቃ